ውኃ ለመማር

ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣
ኖላዊት ሁለት ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣
አንዱን በማንኪያ፣ አንዱን በጀሪካን ክዳን ተጭና፣
ነፋሱ እንዳይወስደው፣
ዝም ብላ ታየዋለች።

የመጀመሪያው ቅርብ ነው፤ ከበረንዳችን ይታያል፣
ጠዋት ጭጋጉ ሲገፈፍ የዩኒቨርሲቲው አጥር ነጭ ሆኖ ይወጣል።
ትምህርቱ ኮምፒውተር ነው፣ ሮቦት ነው፣
ከክፍሏ ልጆች ግማሹ የሞላው ይኼንኑ ነው።
ጠዋት ሄዳ ማታ ትገባለች፣ ምሳዋ በምሳ ዕቃ፣
ከኮዬ እስከ በሩ አንድ ባጃጅ፣ ከዚያ ትንሽ ጭቃ።

ሁለተኛው ሩቅ ነው፤
ስሙ ራሱ ያሾፍብናል፦ አርባ ምንጭ!
እኛ እዚህ ከአንድ ቧንቧ ጋር ስንሟገት፣ ስንፋጭ።
ስድስት ሳምንት፣ ከነአዳሩ፤
«አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የወላጅ ፊርማ፣
የመጓጓዣ ወጪ በተማሪው» ይላል
በደቃቅ ፊደል፣ እንዳይሰማ።
ትምህርቱ ውኃ ነው፤
ከየት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚጠፋ፣
ስንቱ ከመሬት በታች በተሰነጠቀ ቱቦ እንደሚደፋ።

አባታችን የጥበቃ ካፖርቱ እንደረጠበ፣
ቅጹን ከዓይኑ አርቆ ይዞ አነበበ።
«ውኃ ለመማር?» አለ። «ውኃ ለመማር አርባ ምንጭ ድረስ?
እዚህ የለም እንዴ?»
ቀና ብላ አየችው፦
«የለም። የለም እኮ፣ አባዬ።»
እናቴ ሳቋ አምልጧት ሽንኩርቱ ላይ አጎነበሰች።
ውጭ ሰማዩ ዶፉን ያወርዳል፣ አሸንዳው ያገሳል፣
የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ኩሬ ሆኗል፣ የመንገዱ ዳር ተንዷል፣
ቧንቧው ግን፣ ሲከፍቱት፣ አስም እንደያዘው ሰው
ይተነፍሳል።

ደብተር አላት። ማንም አላዘዛት።
ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቀለሙን፦
ማክሰኞ፣ አልመጣም።
ሐሙስ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ድፍርስ።
ቅዳሜ፣ ምድር ቤት መጥቷል፣ አራተኛ ፎቅ አልወጣም።
እኔ ያንን እንደ ልጅ ጨዋታ ነበር የማየው፤
እኔ ውኃን የማውቀው በትከሻዬ ነው፣
በሃያ ሊትር፣ በደረጃ፣ በፎቅ፣
ለጀሪካን ሃያ ብር፣ ለአምስተኛ ፎቅ አምስት ጭማሪ፣
ሳልጨቃጨቅ።

ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ብርሃን አየሁት፤
የቅርቡን ሞልታዋለች።
ስሟን፣ የአባቷን፣ የአያቷን፣ ውጤቷን።
«ለምን መረጡት?» ከሚለው ሥር ግን አምስት መስመር ባዶ።
«የመኪናውን እኔ እችላለሁ» አልኳት።
«ክረምት ነው፤ ሰው ጭቃ ይፈራል፤ ተሸካሚ ይፈለጋል።»
«ብሩ አይደለም።»
«አባዬ ነው?»
«አባዬማ ይፈርማል።»
ደብተሩን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆየች፣ ቆየችና፣
«ስድስት ሳምንት» አለች፣ «ስድስት ሳምንት ሙሉ ማን ይጽፈዋል?»

ልስቅ ነበር፤ ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
በአንድ ሌላ ሰኔ እንዲህ ያለ ወረቀት በእኔም እጅ ነበረ፤
ብሎኬት ማምረቻው የቀን ሥራ ሰጠኝ፣
ወረቀቱ ከነሱሪዬ ታጠበ።
ለማንም አልነገርኩም። ያን ማታም አልነገርኳትም።
«እኔ እጽፈዋለሁ» አልኩ።
«በሰዓቱ?»
«በሰዓቱ።»
«ሌሊት ቢመጣስ?»
«እነሣለሁ።»
«ቀለሙንም?»
«ቀለሙንም።»
የቅርቡን ቅጽ ለሁለት አጥፋ፣ ደግማ አጥፋ፣
የሚያፈሰው መስኮት ሥር ወተፈችው።

አሁን ነሐሴ ነው። ጽሕፈቴ እንደ እሷ አያምርም፣
ቀን ግን አልዘለልኩም።
ማክሰኞ፣ አልመጣም።
ረቡዕ፣ አልመጣም፤ ጎረቤቶች ቦቴ ጠሩ።
ዓርብ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሃያ፣
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ሳል፣ ቀጥሎ ክር የመሰለ፣ ጥርት ያለ።
ጆጉን ደቅኜ፣ በጨለማ፣ በልማድ፣
ወደ አልጋዋ ዞሬ
«ኖላ፣ ተነሺ፣ መጣ» አልኩ።
ጆጉ ሞልቶ ፈሰሰ።
ስንት እንደፈሰሰ አልጻፍኩም።